ሴቶችና ጨዋታ፤ ከአንኮበር አዳራሽ እስከ ዛሬው የኢንተርኔት ሜዳ



ጨዋታ ሲባል ብዙ ሰው የልጆች ማሳለፊያ ወይም የሥራ ፈቶች ጊዜ መግደያ አድርጎ ይገምተዋል። ነገር ግን የአንድን አገር ሕዝብ ጠባይ ለመመርመር የሚፈልግ ሰው፣ ከሕጉና ከጦርነቱ ታሪክ ሌላ ጨዋታውንም መመልከት ይገባዋል። ሰው ከማን ጋር ለመጫወት እንደሚፈቅድ፣ ማንን ከጨዋታው እንደሚያስወጣ፣ ሲሸነፍም ምን እንደሚናገር ማየት ብዙ ነገር ያስተምራልና። ዛሬም ልናወጋችሁ ያሰብነው ሴቶች በጨዋታ ሜዳ ላይ ስለ መታየታቸውና ስለ መሰወራቸው ነው። ነገሩ የኢንተርኔት ዘመን የወለደው አዲስ ነገር ይመስላል፤ ሥሩ ግን ጥንታዊ ስለ ሆነ፣ ታሪኩን ከራሳችን ደጅ፣ ከሰሜን ሸዋ እንጀምረዋለን።

ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚደረስባት አንኮበር፣ የአፋርን ቈላ ቍልቍል በምታይ ከፍተኛ ተራራ ላይ የተቀመጠች የሸዋ ነገሥታት ከተማ እንደ ነበረች የታወቀ ነው። በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ መኳንንት ቤት ከሚወደዱት ጨዋታዎች ዋነኛው ሰንጠረዥ ነበር። ሰንጠረዥ በአገራችን እጅግ ጥንታዊ ነው፤ ከ1500 እስከ 1532 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ልብነ ድንግል ግሪጎሪዮ ቢቺኒ ከተባለው የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፏል።

የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ የራሱ የሆነ ሥርዓት አለው። ገበታው ብዙ ጊዜ በጥቁር ወይም በሰማያዊ መሥመር 64 ቤት ሆኖ የተከፈለ ቀይ ጨርቅ ነበር። ጨዋታው ሲጀመር ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እየተመለከተ ጦሩን እንደ ፈቀደ ያሰልፋል፤ ይህም ወረራ ይባላል። ከሁለቱ አንዱ የመጀመሪያውን ምርኮ ከወሰደ በኋላ ግን በተራ ይሆናል። በዙሪያው የተቀመጡት ተመልካቾችም ዝም ብለው አያዩም፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይመክራሉ፣ ያሞግሳሉ፣ ይነቅፋሉ። እንግዲህ የሰንጠረዥ አዳራሽ በድምፅ የተሞላ ሸንጎ ነበር ማለት ይቻላል። አንባቢ ሆይ፣ ኋላ ስለምንመለስበት ይህን ድምፅ አስታውስ።

በሰንጠረዡ ላይ ከተሰለፉት መካከል ሴት የለችም። ከንጉሡ አጠገብ የሚቆመው ፈርዝ የተባለው አማካሪ ነው፤ እርሱም በማእዘን አንዲት ቤት ብቻ ይራመዳል። ጨዋታው ወደ አውሮፓ ከተሻገረ በኋላ ግን ይህ አማካሪ ወደ ንግሥትነት ተለወጠ፤ በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማም ንግሥቲቱ ከሁሉ የበረታች ሆነች። የሚያስገርመው ነገር፣ በዚያው መቶ ዓመት ደብረ ብርሃንን የመሠረቱት የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት የነበሩት እቴጌ እሌኒ በመንግሥት ምክር እጅግ የተሰሙ እመቤት መሆናቸው ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1509 ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል የላኩት እርሳቸው ናቸው። በሰንጠረዡ ላይ ንግሥት ባትኖርም፣ በመንግሥቱ ላይ ግን ነበረች።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ በገበታው ላይ ሴት ባትኖር፣ በገበታው አጠገብስ አልነበረችምን?

የንጉሥ ሣህለ ሥላሴን ዘመን፣ ማለት ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ፣ ከጻፉልን ሰዎች መካከል የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻለቃ ሐሪስና ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ክራፕፍ ይገኛሉ። ሐሪስ ስለ አደኑ፣ ስለ ግብሩ፣ ስለ ጦሩ በሰፊው ጽፏል፤ የቤተ መንግሥቱ ሴቶች ግን በጃንደረቦች የሚጠበቁ ስለ ነበሩ፣ እንግዳ ወንድ ወደ እልፍኛቸው ሊዘልቅ አይችልም ነበር። ስለዚህ በእልፍኙ ውስጥ ምን እንደ ተወጋ፣ ምን ጨዋታ እንደ ተደረገ፣ ማን እንዳሸነፈ ሳይጻፍ ቀረ። ነገር ግን ክራፕፍ በ1834 ዓ.ም. ከአንኮበር ወደ ጎንደር ሲያልፍ፣ የንጉሡን እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅን በሰላ ድንጋይ አግኝቷቸዋል፤ እርሳቸውም ሰፊ አገር የሚያስተዳድሩ ባለ ሥልጣን መሆናቸውን መስክሯል። እንግዲህ ከዚህ የምንማረው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ያልተጻፈ ሁሉ ያልነበረ አይደለም፤ ጸሐፊው ያልገባበት እልፍኝ ባዶ ነው ማለት አይቻልም።

ለዚህም ብርቱ ምስክር የሚሆኑን እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። እቴጌ ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር፣ በትንሣኤ በዓል፣ በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን በቍርባን ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ተጋቡ። የሕይወታቸውን ታሪክ የመረመሩ ጸሐፊዎች፣ እቴጌይቱ ማንበብና መጻፍ የተማሩ፣ በገና የሚደረድሩና ሰንጠረዥም የሚጫወቱ እንደ ነበሩ ይናገራሉ። በ1888 ዓ.ም. በጥር ወር መቀሌ ላይ የኢጣልያ ጦር በምሽጉ ውስጥ በተከበበ ጊዜ፣ ውሃው እንዲያዝበት ያደረጉ እርሳቸው መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን። የሰንጠረዥ ተጫዋች ይህን ነገር በቶሎ ያስተውለዋል፤ ምሽግን ከመምታት ይልቅ ምሽጉን የሚያኖረውን ነገር መያዝ ይበልጣልና።

ታዲያ የእቴጌ ጣይቱ ጨዋታ ለምን ተጻፈ? እቴጌ ስለ ሆኑ ነው። በፊታቸው ተቀምጦ በሴትነታቸው ሊሳለቅ የሚደፍር ሰው አልነበረምና፣ ስማቸውና ማዕረጋቸው ጋሻ ሆኖላቸዋል። ጋሻ ያልነበራትስ? በአንኮበር ዳገት ላይ ውሃ ቀድታ ስትመለስ እንስራዋን አሳርፋ፣ በሁለት ወይም በሦስት ረድፍ በተቈፈሩ ትንንሽ ጕድጓዶች ጠጠር እየዘራች ገበጣ የተጫወተችው ልጅ ስሟ የት አለ? ገበጣ ብርቱ የሒሳብ ጨዋታ ነው፤ ጠጠሩ የት እንደሚያልቅ አስቀድሞ ያላሰላ ሰው አያሸንፍም። ቅልልቦሽም የዓይንና የእጅ ፍጥነት ይጠይቃል። ሆኖም ወንዶቹ የሚጫወቱት ገናና ጕግስ በዘፈንና በፉከራ ሲታወስ፣ የሴቶቹ ጨዋታ የጓዳ ነገር ተብሎ ቀረ። ከወንዶች መካከል ገብታ ለመጫወት የደፈረችውም ልጅ «ወንዳ ወንድ» የሚል ስም ይሰጣት ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ እንግዲህ ከዚያ ዘመን ወደ ዛሬው እንመለስ። ዛሬ ሰው ከሰው ጋር ለመጫወት በአንድ አዳራሽ መሰብሰብ አያስፈልገውም። በኮምፒዩተር ወይም በእጅ ስልክ አማካይነት፣ በደብረ ብርሃን ያለው ወጣት በሌላ ክፍለ ዓለም ካለው ወጣት ጋር በአንድ ሰዓት ይጫወታል፤ በማይክሮፎንም ይነጋገራል። ገበጣችን እንኳ ቅኔ በተባለው ኢትዮጵያዊ ድርጅት አማካይነት በእጅ ስልክ እንዲሠራ ሆኖ ቀርቧል። በከተሞቻችንም ወጣቶች ገንዘብ እየከፈሉ የሚጫወቱባቸው የፕሌይስቴሽን ቤቶች አሉ። ከእነዚህ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ወንበሩን ሁሉ ወንዶች ልጆች ይዘውት ያገኛል። ከዚያም «ሴቶች እኮ ጨዋታ አይወዱም» ብሎ ይወጣል። ይህ ሰው በእልፍኙ ደጅ ቆሞ የተመለሰውን ተጓዥ ይመስላል።

በኢንተርኔት የሚጫወቱ ሴቶች በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ናቸው። ነገር ግን ከእነዚህ ብዙዎቹ የወንድ ወይም ጾታው የማይታወቅ ስም ይይዛሉ፤ ማይክሮፎናቸውንም ይዘጋሉ። ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ በምርመራ ታይቷል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ፤ ተመራማሪዎቹ ሔሎ 3 በተባለው ጨዋታ ውስጥ ገብተው፣ አስቀድሞ የተቀረጸ ተመሳሳይ ንግግር አንድ ጊዜ በወንድ ድምፅ፣ አንድ ጊዜ በሴት ድምፅ አሰሙ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ያለ ምንም ድምፅ ተጫወቱ። የሴቷ ድምፅ የደረሰበት ክፉ ንግግር ከወንዱ ድምፅም ሆነ ከዝምታው ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ቃሉ አንድ ነው፤ የተለየው ድምፁ ብቻ ነው። በሰንጠረዥ ዙሪያ ስለሚሰማው ድምፅ አስታውስ ያልንህ ስለዚህ ነው። በጥንቱ አዳራሽ ተመልካቹ ቢጮኽም ፊቱ ይታያል፣ አባቱና አገሩ ይታወቃል፤ ስለዚህ ነውር ይፈራል። በኢንተርኔቱ ሜዳ ግን ተሳዳቢው ፊትም ስምም የለውም። ሴቲቱ እንድትሰወር ያስገደዳት የእርሱ መሰወር ነው።

ብትገለጥና ብታሸንፍስ ምን ይደርስባታል? እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1927 የመጀመሪያዋ የሴቶች የዓለም የቼዝ ሻምፒዮን የሆነችው ቬራ ሜንቺክ፣ በ1929 ከወንዶች ጋር ለመወዳደር ወደ ካርልስባድ በሄደች ጊዜ፣ አልበርት ቤከር የተባለ ተጫዋች በእርሷ የሚሸነፍ ሁሉ «የቬራ ሜንቺክ ክበብ» አባል ይሁን ብሎ ቀለደባት። የክበቡ የመጀመሪያ አባል ለመሆን የበቃው ግን ራሱ ቤከር ነበር። ከ87 ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ ጌጉሪ በሚል የጨዋታ ስም የምትታወቅ የ17 ዓመት የኮሪያ ልጅ ኦቨርዎች በተባለው ጨዋታ እጅግ ስለ በረታች፣ «በማታለያ መሣሪያ ነው እንጂ እንዲህ መምታት አይቻልም» ተብላ ተከሰሰች። እርሷም በካሜራ ፊት ተቀምጣ፣ እጆቿ እየታዩ ተጫውታ እውነቱን ገለጠች። በ2018ም በዚያ ጨዋታ ታላቅ ሊግ የተመዘገበች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ወንድ ሲያሸንፍ ጎበዝ ይባላል፤ ሴት ስታሸንፍ ግን እጇን አሳዪን ተባለች።

ከዚህም የከፋ ደርሷል። በ2014 በአሜሪካ ጌመርጌት የተባለው ዘመቻ በተነሣ ጊዜ፣ ጨዋታ የሚሠሩና ስለ ጨዋታ የሚጽፉ ሴቶች የግድያ ዛቻ ስለ ደረሰባቸው ቤታቸውን ጥለው እስከ መውጣት ደርሰዋል። አኒታ ሳርኪሲያን የተባለችው ተቺም፣ በዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ልታደርገው የነበረውን ንግግር በእልቂት ዛቻ ምክንያት ሰርዛለች። የዘመቻው ሰዎች ሴቶች ወደ ጨዋታ ዓለም በቅርብ የገቡ እንግዶች አስመስለው ይናገሩ ነበር። ይህ ግን ታሪክን አለማወቅ ነው። ሮበርታ ዊልያምስ የተባለችው አሜሪካዊት በ1980 የምስጢር ቤት የተባለውን የኮምፒዩተር ጨዋታ፣ ካሮል ሾው ደግሞ በ1982 ሪቨር ሬይድ የተባለውን ሠርተዋል። ቤቱን ከሠሩት መካከል የሆኑትን እንግዶች ናችሁ ማለት ፍርድ አይደለም።

ምናልባት ከአንባቢዎቻችን አንዱ፣ «ታዲያ ስሟን ደብቃ በሰላም ብትጫወት ምን ጐደለባት?» ይል ይሆናል። ልጅቱን ስለ መሰወሯ የሚነቅፋት የለም፤ ራስን ከክፉ መጠበቅ ብልኅነት ነውና። ነገር ግን ጉድለቱ የእርሷ ብቻ ሆኖ አይቀርም። አንደኛ፣ በአንድ ወገን ተሰልፎ የሚደረግ ጨዋታ ያለ ምክክር ስለማይሆን፣ አፏን ዘግታ የምትጫወት ልጅ ከችሎታዋ ግማሹን ትታ ትገባለች። ሁለተኛ፣ ታናሽ እኅቷ የምታየው አርአያ ታጣለች። ሦስተኛውና ለታሪክ ሰው ከሁሉ የሚከብደው፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ስለ ዘመናችን የሚጽፍ ሰው የአሸናፊዎችን መዝገብ ቢገልጥ የወንድ ስም ብቻ ያገኛል። ከዚያም የአንኮበሩ እንግዳ ባልገባበት እልፍኝ እንደ ሆነው ሁሉ፣ ነበሩ የሚል ጽሑፍ ይታጣል።

ስለዚህ አባቶችና ወንድሞች ሆይ፣ ነገሩ በእጃችን ነው። ልጃችሁ ስልክ ይዛ ስትጫወት፣ ለወንድሟ የፈቀዳችሁትን ያህል ሰዓት ለእርሷም ፍቀዱ፤ የሰዓቱ ልክም የሁለቱ አንድ ይሁን። እናንተም ወጣቶች፣ ከአንድ ወገን ተሰልፋችሁ ስትጫወቱ አንድ ሰው እኅታችንን ቢሳደብ ዝም አትበሉ። በጥንቱ የሰንጠረዥ አዳራሽ መምከርና መንቀፍ የተመልካች መብት እንደ ነበረ ሁሉ፣ ዛሬም «ተው፣ ነውር ነው» ማለት የተጫዋች ግዴታ ይሁን። እናንተም እኅቶች፣ ስትጫወቱ የምትይዙትን ስም መምረጥ የእናንተ ፈንታ ነው፤ ነገር ግን ያሸነፋችሁበትን ቀን ቢያንስ በማስታወሻችሁ ጻፉት፣ ለልጆቻችሁም ንገሩ።

እቴጌ ጣይቱን ማዕረጋቸው ጋሻ ሆኗቸዋል። ለተራዋ ልጅ ግን ጋሻ የሚሆናት የባልንጀሮቿ ጨዋነት ነው። ስማቸው ሳይጻፍ የቀሩት የአንኮበር ገበጣ ተጫዋቾች አልፈዋልና ልንመልሳቸው አንችልም፤ ዛሬ በየቤቱ ማይክሮፎኗን ዘግታ የምትጫወተው ልጅ ግን ገና አላለፈችም።