ነብርማ እንሽላሊትን (ሌፐርድ ጌኮን) ወደ አገር ስለማስገባትና በቤት ስለማኖር

ነብርማ እንሽላሊት፣ በብዙዎች ዘንድ ሌፐርድ ጌኮ በመባል የሚታወቀው፣ በአፍጋኒስታን፣ በፓኪስታንና በሰሜን ምዕራብ ሕንድ ደረቅና ድንጋያማ ቦታዎች የሚኖር ተሳቢ እንስሳ ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ለበርካታ ዓሥርት ዓመታት በሰው እጅ ሲራባ ስለቆየ የቤት እንስሳ ለመሆን በቅቷል። ከውጭ አገር ተመልሰው በቦሌ መድኃኔዓለምና በአካባቢው አፓርታማዎች ለመኖር የሚዘጋጁ ቤተሰቦች፣ ልጆቻቸው ያሳደጉትን እንስሳ ይዘው መምጣት ይችሉ እንደሆነ መጠየቃቸው ተገቢ ነው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ጓዝ ከመጠቅለሉ በፊት መታወቅ የሚገባቸውን ጉዳዮች ለማሳወቅ ነው።

እንስሳው ምን ዓይነት ነው?

ያደገ ነብርማ እንሽላሊት ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። መልኩ ቢጫማ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ አለው፤ ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው። በድሬዳዋና በአዋሽ አካባቢ ማታ ማታ በመብራት ዙሪያ በግድግዳ ላይ ከምናያቸው እንሽላሊቶች የሚለየው በሁለት ነገር ነው። የሚከደን የዓይን ቆብ አለው፤ ጣቶቹም በግድግዳ ላይ ስለማይጣበቁ በመሬት ላይ ብቻ ይሄዳል። ወፍራም ጅራቱ የስብ ማከማቻው ነው። ስለዚህ ጅራቱ ከቀጠነ እንስሳው ታሟል ወይም ተርቧል ማለት ነው። በአገራችን እንሽላሊት መርዝ አለው ብለው የሚፈሩ ብዙዎች ናቸው፤ ሆኖም ይህም ሆነ ሌላው የጌኮ ዝርያ መርዛማ አይደለም።

በጥሩ አያያዝ ከ15 እስከ 20 ዓመት ሊኖር ይችላል። ለሰባት ዓመት ልጅ የተገዛ እንስሳ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባም በቤት ውስጥ ይኖራል ማለት ነው። ወላጆች ይህን አስቀድመው ቢያስቡበት መልካም ነው።

ፈቃድን በተመለከተ

ማንኛውም ሕይወት ያለው እንስሳ ወደ አገር ከመግባቱ በፊት የማስገቢያ ፈቃድ ሊገኝለት ይገባል። ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከተደረሰ በኋላ ፈቃድ ለመጠየቅ መሞከር እንስሳውን ለመያዝ፣ ለመመለስ ወይም ለመወገድ ያጋልጠዋል።

ጉዳዩ ሁለት ገጽታ አለው። የመጀመሪያው የእንስሳት ጤና ነው። የአገሪቱ የእንስሳት ጤና ሕግ ከውጭ የሚገቡ እንስሳትን ይመለከታል። በዚህ ረገድ አመልካቹ ፈቃዱን ከግብርና ሚኒስቴር የእንስሳት ጤና ክፍል መጠየቅ፣ እንዲሁም እንስሳው ከሚነሣበት አገር የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የጤና የምስክር ወረቀት ማግኘት ይኖርበታል።

ሁለተኛው የዱር እንስሳት ሕግ ነው። አንድ እንስሳ በሌላ አገር በሱቅ መሸጡ ብቻ በኢትዮጵያ እንደ ድመትና ውሻ የቤት እንስሳ አያሰኘውም። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 በሥራ ላይ ከዋለበት ጊዜ ጀምሮ የዱር እንስሳትን መያዝና መነገድ በፈቃድ የሚከናወን ተግባር ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን አስቀድሞ በጽሑፍ መጠየቅና መልሱንም በጽሑፍ መያዝ ይገባል። በማመልከቻው ላይ የዝርያው ሳይንሳዊ ስም፣ ማለትም ዩብሌፋሪስ ማኩላሪየስ፣ የእንስሳው ብዛት፣ የተገኘበት ቦታና በሰው እጅ የተራባ ስለመሆኑ ማስረጃ ቢካተት ጉዳዩን ለመመርመር ይረዳል። “እንሽላሊት” ብሎ ብቻ መጻፍ በሺዎች ከሚቆጠሩ ዝርያዎች የትኛው እንደሆነ አይገልጽም።

ኢትዮጵያ ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ ለመጥፋት የተቃረቡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው ስምምነት፣ ሳይተስ፣ አባል ናት። ይህ በተለይ ከእንሽላሊት ይልቅ ኤሊ ለማምጣት ወይም ለመውሰድ ለሚያስቡ ሰዎች ጠቃሚ ነው። የየብስ ኤሊዎች በሙሉ በስምምነቱ ዝርዝር ውስጥ የሚገኙ ስለሆነ፣ በግቢ ውስጥ ለዓመታት የኖረ ኤሊ እንኳ ያለ ፈቃድ ድንበር ሊሻገር አይችልም።

አየር መንገዶች ተሳቢ እንስሳትን በመንገደኛ ክፍል ስለመቀበላቸው የየራሳቸው ደንብ አላቸው። በካርጎ ሲላክም ማሸጊያው የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ስለ ሕያው እንስሳት ያወጣውን ደንብ ማሟላት አለበት። በልብስ ሻንጣ ደብቆ ማምጣት ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ እንስሳውን የሚገድል ድርጊት ነው።

በአገር ውስጥ ያሉ ዘመዶቹ

የዓይን ቆብ ያላቸው እንሽላሊቶች በአገራችንም አሉ። በምሥራቅ ኢትዮጵያና በሶማሊያ የሚገኘው የቴይለር ወፍራም ጅራት እንሽላሊት ለነብርማው የቅርብ ዘመድ ነው። ከውጭ ማስገባቱ ስለከበደ ይህን ከሜዳ አስይዞ ማምጣት አማራጭ አይሆንም፤ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝ ነው። ከሜዳ የተያዘ እንስሳ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጥገኛ ተውሳክ ይኖርበታል፤ በሣጥን ውስጥ መብላትም ሊያቆም ይችላል።

የአዲስ አበባ ብርድና መብራት

ፈቃድ ላገኘ ሰው ትልቁ ፈተና ሙቀት ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይወርዳል። ነብርማ እንሽላሊት በመስታወት ሣጥኑ አንድ ወገን ከ30 እስከ 32 ዲግሪ፣ በሌላው ወገን 25 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። በሁለቱም ወገን መሸሸጊያ ይቀመጥለታል፤ አንዱ እርጥበት ያለው ሊሆን ይገባል። እርጥበት ካላገኘ ቆዳውን በሚቀይርበት ጊዜ አሮጌው ቆዳ በጣቶቹ ላይ ቀርቶ ደም ያግዳል፤ ጣቶቹም ይቆረጣሉ።

ማሞቂያው ያለ ሙቀት መቆጣጠሪያ (ቴርሞስታት) ሊሠራ አይገባም። ከአሜሪካ የሚመጡ ዕቃዎች ለ120 ቮልት የተሠሩ ናቸው፤ የአገራችን ኃይል 220 ቮልት ስለሆነ ማሞቂያውን በቀጥታ መሰካት የእሳት አደጋ ያስከትላል። ዕቃው ላይ የተጻፈውን ቮልት ሳያነቡ አይሰኩ። መብራት ለረጅም ሰዓት ከጠፋ ሣጥኑን በብርድ ልብስ መሸፈን፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የሞቀ ውኃ ጠርሙስ ከጎኑ ማኖር ይረዳል። ሙቀቱ እስኪመለስ ድረስ ግን ምግብ አይሰጥም፤ ብርድ ላይ ያለ ተሳቢ እንስሳ የበላውን መፍጨት ስለማይችል ምግቡ በሆዱ ውስጥ ይበላሻል።

የሚበላው ሕይወት ያላቸውን ነፍሳት ብቻ ነው፤ ፌንጣና የዱቄት ትል ይስማሙታል፤ አትክልት አይበላም። በነፍሳቱ ላይ የካልሲየም ዱቄት ካልተነሰነሰ አጥንቱ ይለሰልሳል። ከኩሽና የተያዘ በረሮ በጭራሽ ሊሰጠው አይገባም፤ በቤትዎ ባይረጭ እንኳ የጎረቤት ቤት የተረጨ መድኃኒት ይዞ ሊመጣ ይችላል።

የእንስሳት ሕክምና አገልግሎታችን በአመዛኙ ያተኮረው በከብት፣ በበግ፣ በፍየልና በዶሮ ላይ ነው። ስለዚህ ተሳቢ እንስሳ ያከመ ሐኪም መፈለግ ያለበት እንስሳው ከመታመሙ በፊት ነው።

ሳልሞኔላ

ተሳቢ እንስሳት ጤነኛ መስለው ሳለ ሳልሞኔላ የተባለውን ተሐዋሲ በዓይነ ምድራቸው ሊያስወጡ ይችላሉ። አሜሪካ በ1975 እ.ኤ.አ. ትናንሽ ኤሊዎች እንዳይሸጡ የከለከለችው በዚሁ ምክንያት በርካታ ሕፃናት በመታመማቸው ነበር። ከአምስት ዓመት በታች ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ በዕድሜ የገፋ ወይም የበሽታ መከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ባለበት ቤት ይህን እንስሳ ማኖር አይመከርም። በሌሎች ቤቶችም እንስሳውን የነካ ሰው ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ የእንስሳው ዕቃ በኩሽና መታጠቢያ አይታጠብ። ከቤተሰቡ አባል ትኩሳት፣ ተቅማጥና የሆድ ቁርጠት የታየበት ወደ ጤና ተቋም ሲሄድ ቤት ውስጥ ተሳቢ እንስሳ መኖሩን ለሐኪሙ ይናገር፤ ሐኪሙ ካልተነገረው ሊጠረጥር የማይችለው ነገር ነውና።

ማኖር የማይችል ሰው

እንስሳውን ማኖር ያልቻለ ሰው በሜዳ፣ በወንዝ ዳር ወይም በእንጦጦ ጫካ ሊለቀው አይገባም። በከተማዋ ብርድ የመሞት ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ ወደ ቆላ ተወስዶ ከተለቀቀም ለአገር በቀል ዝርያዎች በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ያለ ፈቃድ የገባ እንስሳ በእጁ ያለ ሰውም ቢሆን ወደ ሌላ ከማስተላለፉ ወይም ከመሸጡ በፊት ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ማሳወቅ ይኖርበታል። እስከዚያው ድረስ እንስሳው በሚሞቅ ሣጥን፣ ለብቻው፣ ከልጆች እጅ ርቆ ይቆይ።