መርፌውን በገዛ እጅ

እ.ኤ.አ. በ1923 መጀመሪያ ላይ ሮበርት ዳንኤል ሎውረንስ የተባለ ወጣት ስኮትላንዳዊ ሐኪም ፍሎረንስ ተቀምጦ ሞቱን ይጠብቅ ነበር። ሦስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ለንደን ውስጥ ቀዶ ጥገና ሲለማመድ የአጥንት ስባሪ ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ ለዚያ ሲታከም የስኳር በሽታ እንዳለበት ታወቀ። በዚያ ዘመን ሐኪም ለዚህ በሽታ የሚያዘው ረሃብ አከል አመጋገብ ብቻ ነበር። ሎውረንስም በቤተሰቡ ዓይን ሥር ላለመሞት ጣሊያን ገባ። ከኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል አንድ ባልደረባው ኢንሱሊን መገኘቱንና መሥራቱን ነግሮ ቶሎ እንዲመለስ ላከበት። ሎውረንስ በመኪና ለንደን ደረሰ፤ በግንቦት ማብቂያ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ።

ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልኩን ራሱን ሲወጋ ኖረ።

የዚያን ጊዜ ታካሚ ከሆስፒታል የሚወጣው ብዙ ሥራ ተሸክሞ ነበር። የመስታወት ስሪንጁን መቀቀል፣ የደነዘውን መርፌ በድንጋይ መሳል፣ መጠኑን ከምግቡ ጋር ማመዛዘን የእሱ ፈንታ ነው። ቦስተን ውስጥ ሐኪሙ ኤልዮት ጆስሊን ነርሶችን ታካሚዎች ቤት ድረስ ይልክ ነበር። ሎውረንስ በ1925 ታካሚዎችም የሚያነቡት መጽሐፍ ጻፈ፤ በ1934 ደግሞ ታካሚው ከነበረው ከደራሲው ኤች. ጂ. ዌልስ ጋር የስኳር ሕሙማን ማኅበር መሠረተ። መድኃኒቱን ሰጥቶ ሰውየውን ብቻውን መስደድ ግማሽ ሕክምና መሆኑን ከሎውረንስ በላይ የሚያውቅ ሐኪም አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1946 ይኸው ሐኪም ስለ አንዲት እንግዳ ታካሚ ጻፈ። የሰውነቷ ስብ ጠፍቷል፣ ጉበቷ አብጧል፣ ደሟ በስብ ተሞልቷል፣ ስኳሯም አልገዛ ብሏል። ሊፖዲስትሮፊ ከሚባሉት ብርቅ በሽታዎች አንዱ ዛሬም በሎውረንስ ስም ይጠራል። ስቡ ከቆዳ ሥር ማደሪያ ሲያጣ ወደ ደምና ወደ ጉበት ይገባል።

ሎውረንስ ግን ሊሰጣት የሚችለው ትክክለኛ መድኃኒት ገና አልተገኘም ነበር። ከስብ የሚመነጨው ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን በጄፍሪ ፍሪድማን ቤተ ሙከራ የተገኘው በ1994 ነው። በ2002 አሜሪካ ውስጥ ሊፖዲስትሮፊ ያለባቸው ዘጠኝ ሴቶች ሆርሞኑን ለአራት ወር ተወጉ፤ በደማቸው ያለው ትራይግሊሰራይድ የተባለው ስብ በአማካይ 60 በመቶ ወረደ። ሜትሬሌፕቲን የተባለው ይህ መድኃኒት በ2014 በአሜሪካ፣ በ2018 በአውሮፓ ተፈቀደ።

ጭንቁ የሚጀምረው የመድኃኒቱ ብልቃጥ ቤት ሲገባ ነው። በትልቁ ብልቃጥ ውስጥ ያለው ዱቄት በ2.2 ሚሊ ሊትር ውኃ ይበጠበጣል፤ ብልቃጡን ቀስ አድርጎ ማዞር እንጂ መነቅነቅ አይፈቀድም። ሐኪሙ መጠኑን የሚያዘው በሚሊ ግራም ነው፤ ለትንሽ መጠን የሚያገለግለው የኢንሱሊን ስሪንጅ ደግሞ የተሰመረው በዩኒት ነው። 1 ሚሊ ግራም ማለት እዚያ ላይ 20ኛው መስመር ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው መጠኑን በብዙ እጥፍ ሊሳሳት ይችላል። በዚያ ላይ ከቆዳው ሥር ስብ የሌለው ሰው ሲወጋ መርፌው ጡንቻ ውስጥ እንዳይገባ መጠንቀቅ አለበት፤ እናት ለልጇ ስትወጋማ እጇ እንዴት አይንቀጠቀጥ!

ስለዚህ የአውሮፓው መመሪያ ታካሚው የመጀመሪያውን መርፌ በባለሙያ ዓይን ሥር ራሱ አዘጋጅቶ እንዲወጋ ያዛል። ከለመደም በኋላ አወጋጉ በየስድስት ወሩ እንደገና ይታያል።