ድጓ የሚመሰከርባት ቤተ ልሔም

አንድ መሪጌታ የቅዱስ ያሬድ የዜማ መጽሐፍ የሆነውን ድጓን አዋቂ ነኝ ቢሉ፣ ሊቃውንቱ ቀድመው የሚጠይቋቸው «የት ተመሰከሩ?» ብለው ነው። መልሱ «ቤተ ልሔም» ከሆነ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል። ቅዳሴ በሰለልኩላና በደብረ ዓባይ፣ ዝማሬ መዋሥዕት በዙር አባ፣ አቋቋም በጎንደር ይመሰከራል። የድጓ ወንበር ግን ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተ ልሔም ናት።

ለምን ጋይንት? አበው እንደሚተርኩት፣ በግራኝ ጦርነት መጻሕፍቱ ሲቃጠሉ ድጓ ተርፎ የተገኘው በቤተ ልሔም ነው። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ያደራጀው ዜማ እስከዚያ ድረስ ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ ኖሯል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክት አበጁለት። ዜማው በብራና ላይ ምልክት ካገኘ በኋላ ተማሪውን ከመጽሐፍ ጋር አመሳክሮ ማረም ተቻለ። ቆማ፣ አጫብርና ተጉለት የየራሳቸው የዜማ ስልት አላቸው፤ በሰፊው የተዘረጋው ግን የቤተ ልሔሙ ነው።

ተማሪው ጾመ ድጓና ምዕራፍ ዘልቆ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በለመነው ቁራሽ እየኖረ፣ ድጓውን በገዛ እጁ ይጽፋል። ቆዳ ይፍቃል፣ ጥቁርና ቀይ ቀለም ይበጠብጣል፤ ቃሉን በጉልህ፣ ምልክቱን ከቃሉ በላይ በደቃቁ ያሰፍራል። ከዚያ መምህሩ ፊት ይቀርባል። ከዜማ ምልክቶቹ በቅናት ቦታ ድፋት ከገባ፣ አንድ ርክርክ ከተዘነጋ፣ ተፍቆ ይታረማል። ዜማውም በቃል ይፈተሻል። ዓመታት የሚፈጀው ይህ ነው። የቤተ ልሔም ስም የገነነውም፣ በእኔ እምነት፣ መምህራኑ ያልበሰለውን ተማሪ «ገና ነህ» ለማለት ስለማይሳሱ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑም የሚታይ ነው። ከውጭ ሲያዩት እንደ ማንኛውም የገጠር ደብር ክብ ነው፤ ውስጡ ግን በጥርብ ድንጋይ የታነጸ፣ አራት ማዕዘን ያለው የመካከለኛው ዘመን ሕንፃ ተሸሽጓል። ቶማስ ፓክንሃም የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ በ1955 እ.ኤ.አ. ደርሶበት ለውጭው ዓለም አስተዋወቀው። «ተገኘ» ተባለ፤ የድጓ ተማሪዎች እንኳ ጠፍቶባቸው አያውቅም።

ዛሬ ድጓ በማተሚያ ቤት ታትሞ ይሸጣል፤ ምስክርነቱ ግን አሁንም ከመምህሩ አፍ ነው የሚገኘው። መንገዱ ሰላም ሲሆን ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ የምትጓዙ ሁሉ፣ ጎራ ብላችሁ ጉባኤውን ተመልከቱ፤ ለተማሪዎቹም ስንቅ ያዙላቸው።