የመኪና አደጋ ካሳ በኢትዮጵያ፦ ከዘመድ መዋጮ እስከ ሦስተኛ ወገን መድን

መኪና ኢትዮጵያ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ ያመጣውን መኪና አዲስ አበባ ድረስ ነድቶ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ አቀረበ። በዚያን ጊዜ ሳይታሰብ የጠፋ የሰው ሕይወት በአብዛኛው የሚዳኘው በየአገሩ የደም ካሳ ሥርዓት ነበር። የአጥፊው ወገን ሽማግሌ ይልካል፣ የሟች ቤተሰብ ይለመናል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ እርቅ ይወርዳል። በኦሮሞ ዘንድ ጉማ በሚባለው ሥርዓት ካሳውን የሚያዋጣው አጥፊው ብቻ ሳይሆን ጎሳው ጭምር ነው። ሸክሙን ለብዙ ትከሻ ማከፋፈል፣ በኋላ መድን የሚሠራው ሥራ፣ በአገሩ ልማድ ውስጥ አስቀድሞ ነበረ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ኃላፊነቱን በአንድ ሰው ላይ አሳረፈ። በአንቀጽ 2081 መሠረት የመኪናው ባለንብረት ጥፋት ባይኖርበትም፣ መኪናውን የነዳው ያልፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ ይክሳል። መኪናው አደጋው በደረሰበት ጊዜ ተሰርቆ እንደነበር ካስረዳ ግን ነፃ ይወጣል። ይህ ለእግረኛው ትልቅ ጥበቃ ነው፤ የሾፌሩን ስሕተት የማስረዳት ሸክም ከተጎጂው ላይ ተነሥቷልና። ሁለት መኪናዎች ሲጋጩ አንቀጽ 2084 ሁለቱንም እኩል እንዳጠፉ ይገምትና ጉዳቱን ለባለንብረቶቹ እኩል ያካፍላል፤ ጥፋቱ በሙሉ ወይም በአብዛኛው የአንደኛው ሾፌር መሆኑ ከተረጋገጠ ግን ግምቱ ይቀራል። ለሟች ቤተሰብም ቀለብ የመጠየቅ መብት ተሰጠ። የሕሊና ጉዳት ካሳ ግን ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተገድቧል። ይህ ጣሪያ በወጣበት ዘመን እንኳ ለሐዘን የሚመጥን አልነበረም።

ሕጉ ከፋዩን ቢለይም ከፋዩ ገንዘብ እንዲኖረው ማድረግ አልቻለም። ባለንብረቱ ድሃ ከሆነ ፍርዱ ወረቀት ላይ ይቀራል። የመድን ኩባንያዎች ነበሩ፤ የመጀመሪያው አገር በቀል ኩባንያ የተቋቋመው በ1943 ዓ.ም. ነው። በ1967 ዓ.ም. ደርግ አሥራ ሦስት ኩባንያዎችን ወረሰ፤ በተከታዩ ዓመትም የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተመሠረተ። በ1986 ዓ.ም. ደግሞ ዘርፉ ለግል ባለሀብቶች ተከፈተ። በዚህ ሁሉ ዘመን ለሦስተኛ ወገን መድን መግባት የመኪና ባለቤቱ ፈቃድ እንጂ ግዴታው አልነበረም። በዚህም ምክንያት የተገጨ ሰው ቤተሰብ ዋና መጠጊያው ሽምግልናው ሆኖ ቆየ። ሽማግሌዎች ያወረዱት እርቅ የወንጀሉን ክስ ባያስቀርም ቅጣት ሊያቀልል ይችላል።

ክፍተቱን የዘጋው በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 559 ነው፤ ከፍትሐ ብሔር ሕጉ አርባ ስምንት ዓመት በኋላ። ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው በመንገድ ላይ እንዳይነዳ ከለከለ። በ2005 ዓ.ም. የተካው አዋጅ ቁጥር 799 ሥርዓቱን ይዞ ቀጠለ። ገጭቶ ላመለጠ ወይም መድን ለሌለው መኪና ተጎጂዎችም የመድን ፈንድ አለ። ይህ የዋስትና ሥርዓት ዘግይቶ ቢመጣም ከሁሉም የላቀው ለውጥ እሱ ነው፤ የገጨው ሰው ባይታወቅ እንኳ ተጎጂው የሚጠይቀው አካል አግኝቷልና። የ2005ቱ አዋጅ ለአንድ ሰው ሞት የወሰነው የካሳ ጣሪያ 40,000 ብር፣ ለንብረት ደግሞ 100,000 ብር ነበር። ሠርቶ ቤተሰብ ያስተዳድር የነበረ ሰው ሲሞት የሚጎድለውን ይህ ገንዘብ የሚሞላ አልነበረም። ጣሪያው የሚገድበው ግን የመድን ኩባንያውን ግዴታ ብቻ ነው፤ ከዚያ የሚተርፈውን ጉዳት ቤተሰቡ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ከባለንብረቱ ሊጠይቅ ይችላል።