የጫጩትን ፆታ በዘረመል ምርመራ መለየት፦ በሐዋሳ የዶሮ እርባታ ያለው ጥቅምና ወሰን

ፆታው ያልተለየ የአንድ ቀን ጫጩት የገዛ አርቢ፣ የቄቡና የአውራው ልዩነት በአናት ላይ በሚበቅለው ቀይ ሥጋና በላባው አወጣጥ እስኪገለጥ ድረስ ሳምንታት መጠበቅ ስላለበት፣ ለእንቁላል ብሎ የጀመረው እርባታ ስንት ቄብ እንዳለው ሳያውቅ መኖ ይቀልባል። የዘረመል ምርመራ ይህን የመጠበቂያ ጊዜ ሊያስቀር ይችላል፤ ሆኖም በሐዋሳ ሁኔታ የሚያዋጣው ለማን ነው የሚለው ጥያቄ መልስ ይሻል።

የምርመራው መሠረት የአእዋፍ የዘር ውርስ ነው። በሰው ልጅ የልጁን ፆታ የሚወስነው ከአባት የሚመጣው ዘር ሲሆን፣ በዶሮ ግን ወሳኟ እናት ናት፤ አውራው ሁለት «ዜድ» የተባሉ ክሮሞሶሞች (የዘር ውርስ ተሸካሚ የህዋስ ክፍሎች) ሲኖሩት፣ ሴቷ አንድ «ዜድ» እና አንድ «ደብሊው» ትይዛለች። «ሲኤችዲ1» የተባለው ዘረመል በሁለቱም የክሮሞሶም ዓይነቶች ላይ ቢገኝም ርዝመቱ ስለሚለያይ፣ በፒሲአር፣ ማለትም የተፈለገውን የዲኤንኤ ቁራጭ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ እጅግ በሚያበዛው ዘዴ፣ ሲመረመር ሴቷ ሁለት፣ አውራው አንድ መስመር ያሳያሉ። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1998 ለአብዛኞቹ የአእዋፍ ዝርያዎች እንደሚያገለግል ከታተመ ወዲህ በስፋት ተሠርቶበታል። የአእዋፍ ቀይ የደም ሕዋስ እንደ አጥቢዎቹ ሳይሆን ዲኤንኤ የሚይዘው ኒውክለስ ስላለው አንዲት ጠብታ ደም ትበቃለች፤ ጫጩቷ ጥላው በወጣችው ቅርፊት ውስጥ የቀረው ሽፋን እንኳ ለናሙና ሊያገለግል ይችላል። ጥንቃቄ የሚሻው፣ የ«ደብሊው» ቁራጭ ሳይባዛ ከቀረ ሴቷ እንደ አውራ መቆጠሯ ነው።

ለጫጩት ነጋዴ ግን ከዚህ የቀለለ መንገድ አለ። በደቡብ አፍሪካ የተዳቀለውና በኢትዮጵያም የሚረባው ኮኮክ የተባለው ዝርያ፣ ላባውን ባለ ሰረዝ የሚያደርገው ዘረመል «ዜድ» ላይ ስለሚገኝ አውራው ሁለት፣ ሴቷ አንድ ቅጂ ይደርሳቸዋል፤ በዚህም ምክንያት ወንዱ ጫጩት በአናቱ ላይ ባለው ጎላ ያለ ነጭ ምልክት በተፈለፈለበት ቀን ይታወቃል። ቦቫንስ ብራውንን በመሳሰሉ የእንቁላል ድቅሎችም የጫጩቱ ቀለም ፆታውን ይናገራል፤ ነገር ግን ይህ የሚሠራው በመጀመሪያው ድቅል ብቻ ስለሆነ፣ አርቢው ከእነርሱ መልሶ ቢያስፈለፍል ምልክቱ ይጠፋል።

የአገር ዶሮ ነገሩ ሌላ ነው። ቀለሙ እጅግ የተዘበራረቀ በመሆኑ በላባ መለየት አይቻልም፤ እ.ኤ.አ. በ1976 በተመሠረተው የግብርና ኮሌጅ መነሻነት ያደገውን የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲን ለመሰሉ ተቋማት፣ የአገር ዝርያዎችን በማሻሻል ሥራ ውስጥ የጫጩቶችን እድገትና ሞት በፆታ ለይቶ ከመጀመሪያው ቀን ለመመዝገብ ምርመራው ቦታ ያለው እዚህ ላይ ነው። በጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ወንድ ጫጩትን መግደል በመከልከሉ እንቁላሉ ሳይፈለፈል ፆታን መለየት አስፈላጊ ሆኗል፤ በሐዋሳ ገበያ ግን አውራ ዶሮ ለፋሲካና ለገና የሚፈለግ በመሆኑ ያ ግፊት የለም። ስለዚህ የምርመራው ወጪ ሊውል የሚገባው ለሽያጭ በሚቀርቡ ጫጩቶች ላይ ሳይሆን በመረጣና በማዳቀል ሥራ ላይ ባሉ ወላጅ መንጋዎችና በምርምር ጫጩቶች ላይ ነው።