የሳሉግ ምክር

ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ስለ ገዳሪፍ መንገድ ላውጋችሁ። መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ የጎንደር ገጠር ጎረምሳ ስንቁን ቋጥሮ፣ ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከደጋው ቁልቁል ይወርድና፣ ገንዳ ውሃን አልፎ፣ ሙቀቱ እየበረታበት መተማ ዮሐንስ ይደርሳል። አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁባት መተማ ናት። ማዶው የሱዳኑ ጋላባት ነው፤ ከዚያም እስከ ገዳሪፍ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ሜዳ፣ ሰሊጥና ማሽላ የሚበቅልበት ጥቁር ዋልካ።

ድንበሩ ላይ ጀማሪው ሁለት ዓይነት ሰው ያገኛል። አንዱ ደላላ ነው፤ አሻግሮት፣ ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ይሄዳል። ሌላው የቆላው ሰው ሳሉግ የሚለው፣ ዓመት ከዓመት እርሻ ለእርሻ ሲመላለስ የኖረ፣ አረብኛውን ከማሳ ላይ የለመደ የጉልበት ሠራተኛ ነው። ቢሮ የለውም፣ ማኅተም የለውም፤ ሥራው ግን የአማካሪ ሥራ ነው።

ምክሩ የሚጀምረው ከዋጋው በፊት ነው። የባለ እርሻው ወኪል ዋጋ ሲጠራ ሳሉጉ ዝም ይልና ማሳው ውስጥ ይገባል፤ በእርምጃው እየለካ ከዳር ዳር ይሄዳል፣ ከዚያም ጎንበስ ብሎ የሰሊጡን የታችኛውን ፍሬ በጣቱ ጫን አድርጎ ያያል። የሱዳን እርሻ የሚለካው በፈዳን ነው፤ አንድ ፈዳን 0.42 ሄክታር ግድም ነውና፣ በጥማድ የለመደ የደጋ ልጅ ሳያውቀው የብዙ ቀን ሥራ በጥቂት ቀን ዋጋ ሊዋዋል ይችላል። ሰሊጥ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፤ ፍሬው ከፈነዳ ዘሩ መሬት ይቀራልና ባለቤቱ ይቸኩላል። ሳሉጉ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ውሃውን ማን እንደሚያቀርብ፣ ዱቄቱ ከሒሳብ ይቆረጥ እንደሆነ፣ ታጭዶ ታስሮ፣ ሂላ በሚሉት ክምር የቆመው ሲደርቅ ማን እንደሚያራግፈው፣ አንድ በአንድ አስነግሮ ነው የሚስማማው።

ማታም ምክሩ አያልቅም። ጀማሪው ደክሞት ግራር ሥር ሊጋደም ሲል ክንዱን ይዞ ያነሣውና ወደ ገላጣው ወስዶ አጎበር ይዘረጋለታል፤ ካላዛር የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በግራሩ ዙሪያና በዋልካው ስንጥቅ ውላ ማታ ትናከሳለችና። ትኩሳቱ ሳምንታት ከቆየብህ፣ ጣፊያህም ካበጠ፣ ሥራውን ጥለህ ሐኪም ቤት ሂድ ይለዋል። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው እንላለን፤ ደግ ሳሉግ ግን ልጁን ለመከራ አይተወውም።

እንዲህ የተመከረ ጎረምሳ፣ ዓመት ቆይቶ፣ የራሱን ቡድን ሰብስቦ፣ ማሳ ለክቶ ውል ይይዛል፣ ከዚያም ባጠራቀመው ሱቅ ይከፍታል ወይም መሬት ተከራይቶ ያርሳል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን በጦርነት ስትታመስም መንገዱ ተገለበጠና፣ ሱዳናውያን በጋላባት በኩል ልጆቻቸውን አዝለው ወደ መተማ ተሻገሩ፤ ያን ጊዜ በሰው ማሳ የተለመደው አረብኛ ለእንግዳው ውሃ ወዴት እንዳለ ማመልከቻ ሆነ።

ወገኖቼ፣ ይህ እውቀት በጉልበትና በሕመም የተገዛ ሀብት ነው። ደላላ ባሻገረው ሰው ብዛት ያተርፋል፤ የሳሉግ ትርፉ ግን የመከረው ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ያለ እሱ መዋዋል መቻሉ ነው። ሰላም ወርዶ ልጆቻችሁ እንደገና እንውረድ ሲሏችሁ፣ ከስንቁ አስቀድማችሁ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ፈልጉላቸው፤ ምክሩንም እንደ ሥራ ቆጥራችሁ ዋጋውን ክፈሉት።