ሞትን በስሙ ላለመጥራት፦ አስቂኝ አባባሎችና መነሻቸው

ሞት ቀልድ አያውቅም። ሰው ግን በሞት መቀለዱን ትቶ አያውቅም። ስሙን መጥራት ሲከብደው አጠገቡ ያገኘውን ነገር ይጠራል፤ ባልዲ፣ ማንኪያ፣ የሜዳ አረም። ዛሬ ከእነዚህ አባባሎች ጥቂቶቹን ከነመነሻቸው ይዘንላችሁ ቀርበናል። እግረ መንገዳችንንም «ታሪኩ እንዲህ ነው» እየተባለ ከሚዞረው መካከል የቱ ልብ ወለድ እንደሆነ እናያለን። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. «ባልዲውን በእርግጫ መታው» — እንግሊዝ

እንግሊዞች «ኪክ ዘ በኬት» ሲሉ ሞተ ማለታቸው ነው። አባባሉ ፍራንሲስ ግሮዝ በ1785 ለንደን ባሳተመው የመንገድ ቋንቋ መዝገበ ቃላት ውስጥ ከነፍቺው ይገኛል። ብዙ ሰው በስቅላት ከሚቀጣ ሰው እግር ሥር ካለ ባልዲ ጋር ያያይዘዋል። የቃላት አጥኚዎች ይበልጥ የሚያዘነብሉት ግን ወደ ሌላ ነው። በእንግሊዝ ገጠር «በኬት» የሚባለው ውኃ መቅጃው ብቻ አልነበረም፤ የታረደ አሳማ ተዘቅዝቆ የሚንጠለጠልበት አግዳሚ እንጨትም እንዲሁ ይጠራ ነበር። አሳማው ሲንፈራገጥ እንጨቱን ይመታል። በቃ፣ ባልዲ የለም!

2. «ማንኪያውን አስረከበ» — ጀርመን

በድሮ ጊዜ ብዙ ሰው የራሱ ማንኪያ ነበረው፤ ከአንድ ሳህን ቢበላም በየራሱ ማንኪያ ነው። ስለዚህ ማንኪያውን ያስረከበ ሰው ከእንግዲህ ገበታ አይቀርብም። እኛ «እህል ውኃው አለቀ» ከምንለው ብዙም አይርቅም።

3. «አረሙን ከሥሩ በኩል ይበላል» — ፈረንሳይ

አረሙ በአውሮፓ ሜዳ ሁሉ የሚበቅል፣ ቅጠሉ ለሰላጣ የሚሆን ባለ ቢጫ አበባ ተክል ነው። በሕይወት ያለ ሰው ከላይ ቅጠሉን ይበላል፤ የተቀበረው ግን ከታች ስለሆነ የሚደርሰው ሥሩ ነው። አባባሉ በ1862 በታተመው የቪክቶር ሁጎ «ሌ ሚዜራብል» ልብ ወለድ ውስጥም አለ።

4. ተጠንቀቁ፦ የደወሉ ታሪክ

«ደወል አዳነው» የሚለው የእንግሊዝኛ አባባል በሕይወት ሳሉ ከተቀበሩ ሰዎች መጣ የሚል ጽሑፍ ሳታገኙ አትቀሩም። ሟቹ ቢነቃ እንዲደውል ከሬሳ ሣጥኑ ገመድ ይዘረጋ ነበር ይላል። እንዲህ ዓይነት ሣጥን መፈልሰፉ እውነት ነው፤ ለምሳሌ ፍራንዝ ቬስተር የተባለ የኒው ጀርሲ ነዋሪ በ1868 ደወልና መሰላል ላለው ሣጥን የፈጠራ መብት አግኝቷል። አባባሉ ግን ከዚያ አልመጣም። የመጣው ከቦክስ ነው፤ ሊሸነፍ የደረሰ ቦክሰኛ የዙሩ ማብቂያ ደወል ሲደወል ይተርፋል። አያችሁ? ሣጥኑ እውነት፣ አባባሉ እውነት፣ ሁለቱን ያገናኘው ክር ግን ውሸት። አሳሳች ወሬ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው እንዲህ ነው።

5. እኛስ?

አማርኛም አያንስም። «አሸለበ» ስንል ሞትን እንቅልፍ እናደርገዋለን፤ «አረፈ» ስንል የድካም ማብቂያ። «ክልትው አለ» ስንል ደግሞ ድንገት ተዝለፍልፎ የወደቀው ሰው በዓይናችን ይመጣል፤ ሳቅም ያመልጠናል።

ሦስቱም ያው ሞት ናቸው፤ ቦታቸው ግን ለየቅል ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ «አባትዎ መቼ ክልትው አሉ?» የሚል ሰው የለም። ካለም ሁለተኛ አይጋበዝም። ቃሉ ስለ ሟቹ ብቻ ሳይሆን እኛ ለሟቹ ስላለን ቦታም ይናገራል። የዜና ገጾች «ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ» የምንለው ለማስረዘም ብለን አይደለም፤ ዜናውን ከሚያነቡት መካከል ልጁ ወይም እናቱ ሊኖሩ ስለሚችሉ ነው።

እንግዲህ ሁለት ነገር እንያዝ። የአባባል መነሻ ሲነገረን «የት ተጽፎ ተገኘ?» ብለን እንጠይቅ። ቀልዱን ስንወረውር ደግሞ ማን አጠገባችን እንደቆመ እንይ።

በአካባቢያችሁ ሞትን በስሙ ላለመጥራት ምን ይባላል? ከነአገሩ በኮሜንት ጻፉልን።